ደሜ ጤነኛ ነበር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ቅዱሳን። ፌቨን ነኝ፣ የእህት ዘነበች ልጅ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚሁ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን አዳራሽ ውስጥ ወንበር ስደረድርና ሳጥፍ ነው ያደግኩት። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ነው ዛሬ የቆምኩት። አማርኛዬ መሃል ላይ ከጠፋብኝም ታገሱኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አምና በፋሲካ ሰሞን እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ መስክሬ ነበር። ደም ማነስ ነበረብኝ፣ ጸለያችሁልኝ፣ ጌታ ደሜን ሞላው ብዬ። እናንተም ጌታን አመሰገናችሁ፤ ያለቀሳችሁም ነበራችሁ። ቅዱሳን፣ ያ ምስክርነት ውሸት ነበር። ደም አንሶኝ አያውቅም። ደሜ ጤነኛ ነበር። ጌታን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬ ደግሞ እናንተን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

እኔና እማዬ ሽሊረን ነው የምንኖረው፣ ሁለታችን ብቻ ነን። እማዬ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ እዚያ ማንም ከማንም ጋር አያወራም፤ እናም ጀርመንኛው አልገባላትም። እኔ በስድስት ዓመቴ መጥቼ ትምህርት ቤት ስገባ በጥቂት ወር ለቀምኩት። እዚህ ያደጋችሁ ልጆች ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። በስምንት ዓመቴ የቤቱ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከጌማይንደ፣ ከቀበሌው ማለት ነው፣ ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ፣ አከራያችን ሲደውል ስልኩን የማነሳው እኔ፣ ሐኪም ቤት በእማዬና በሐኪሟ መሃል ያለችው ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ።

እዚያች ወንበር ላይ ማለሳለስ ተማርኩ። የመኖሪያ ፈቃዳችን ጉዳይ ተጓትቶ ጠንካራ ደብዳቤ ሲመጣ፣ «ትንሽ ጠብቁ ነው የሚሉት» እላታለሁ። ሐኪሟ «ይህ ወገብ ይህን ሥራ ብዙ ዓመት አይችልም» ስትል፣ «ትንሽ እረፍት አድርጊ ትልሻለች» እላታለሁ። እማዬ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» ትለኛለች። ያን ጊዜ ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የምነግራት። ክፋት አልነበረም። ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ ስታለቅስ ማየት አልችልም ነበር።

ከዚያ አደግኩና ሌረ ጀመርኩ፤ እየሠሩ መማር ማለት ነው። የእኔ ኪታ ውስጥ ነበር፣ ወላጆች ሥራ ሲሄዱ ሕፃናቱን የሚያውሉበት ቤት። ሥራውን እወደው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ አንድ ጠዋት በኤስባን ወደ ሥራ ስሄድ፣ ባቡሩ የአልትሽቴተንን ጣቢያ እንዳለፈ ልቤ ያለ ምንም ምክንያት መደብደብ ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ። አየሩ አልበቃኝ አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ እኔ እዚያው መሃላቸው ልሞት ነው። ጌታ ሆይ፣ ማንም በማያውቀኝ ሰው መሃል አትውሰደኝ አልኩ። ዋናው ጣቢያ ወርጄ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ትንሽ ቆይቶ አለፈ። ሥራዬም ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ግን ባቡሩ ውስጥ ስገባ «ደግሞ ቢመጣስ» ብዬ ፈራሁ። መጣም። ከዚያ በኋላ ገና ከቤት ሳልወጣ፣ ጫማዬን ሳስር መፍራት ጀመርኩ። ያልደረሰባችሁ ላይገባችሁ ይችላል። አንበሳ አያባርረኝም፣ ጠላት የለብኝም፣ ግን ሰውነቴ ሁሉ ሩጪ ሩጪ ይለኛል።

ይባስ ብሎ ኪታው ውስጥ አንድ የሰባት ወር ሕፃን ነበር፣ ከእኔ እቅፍ በቀር አይተኛም። አንድ ቀን አቅፌው ደረጃ ስወርድ፣ «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ያን ልጅ እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው። በደረቴ ለጥፌው አንድ አንድ ደረጃ እየረገጥኩ ወረድኩ፣ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁትና ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። እኔ እንዲህ የማስብ ሰው ነኝ እንዴ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ እጄን ፈራሁት።

አልጸለይሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጸልያለሁ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እስከዚያ ድረስ ጌታን የማውቀው በእማዬ በኩል ነበር። እኔ ደብዳቤ አነብላታለሁ፣ እሷ ትጸልይልኛለች፤ እንደዚያ ነበር የሥራ ክፍፍላችን። ስንበረከክ ለጌታም ደህና ነኝ ነበር የምለው። ለእሱም አለሳልስለት ነበር።

እማዬ ከስተሻል አለችኝ፤ አልበላ፣ አልተኛ ብዬ ነበርና። ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ያው ክፍል፣ ያችው ሐኪም። ወንበሯም ያችው ነበረች። ደሜን መረመሩ፣ ልቤን መረመሩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ እያየችኝ፣ «ልብሽ ጤነኛ ነው። ደምሽም በጣም ጥሩ ነው። ያለብሽ የጭንቀት ሕመም ነው። እውነተኛ ሕመም ነው፣ ይታከማል» አለችኝ። ኪኒን ጻፈችልኝ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋም እልክሻለሁ አለች። ስለ ሕፃኑም ነገርኳት፤ እሷም በጀርመንኛ፣ «እንዲህ ያለ ሐሳብ በጣም የሚፈሩ ሰዎች ላይ ይመጣል፤ ልጁን ትጎጂዋለሽ ማለት አይደለም» አለችኝ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

ፊቷን አየሁት። ቅዱሳን፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከመካከላችን አንድ ወጣት አእምሮው ታሞ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ከጉባኤ በኋላ ሰው ስለ እሱ የሚያወራውን ወንበር እያጠፍኩ ሰምቻለሁ። መንፈስ ነው ያለ ነበር፤ እቤታቸው ጸሎት የለም ያለም ነበር። እናቱ ከዚያ በኋላ መምጣት ተወች። እማዬ ደግሞ ከማጠቢያ ቤቱና ከዚህ አዳራሽ በቀር ምን አላት? ይህን አዳራሽ ልቀማት ነው? ብዬ አሰብኩ።

«ደምሽ አንሷል አለች» አልኳት። «የደም ኪኒን ሰጥታኛለች።»

ከሁሉም አካሌ ደህና በነበረው በደሜ አመካኘሁ። ሐኪሟ አማርኛ አትችልም፤ ፈገግ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እማዬም ፈገግ ብላ ነቀነቀችላት።

ከዚያ በኋላ ጉበት መጣ። ሐሙስ ጉበት፣ ቅዳሜ ጉበት። ጠዋት የቀይ ሥር ጭማቂ። ሽታው ገና ደረጃው ላይ ይቀበለኛል። እማዬ እናንተ ጋ መጥታ «የልጄ ደም» ብላ የጸሎት ርእስ አስያዘች። ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ደሟን ሙላላት ብለው ጸለዩልኝ። እኔ ተንበርክኬ እያለሁ፣ ጌታ ሆይ፣ ተሳስተዋል፣ እዚያ አይደለም የሚያመኝ እላለሁ በሆዴ። ጸሎታችሁ ወደ ተሳሳተ አድራሻ የተላከ ፖስታ ነበር፤ አድራሻውን ያሳሳትኩት እኔ። እግዚአብሔር ግን የት እንደምኖር ያውቅ ነበር፣ ስሙ ይባረክ።

በሁለት ወሩ ገደማ ኪኒኑ እየረዳኝ መጣ። ባለሙያዋ ጋም እሄድ ነበር፤ ለእማዬ የሥራ ትምህርት ነው እያልኩ። ፍርሃቱ ቀነሰ፣ እንቅልፍ መጣ። ፊቴ ሲመለስ እማዬ አየችና፣ «ጌታ ደምሽን ሞላው፤ መመስከር አለብሽ፣ ክብሩን አትስረቂው» አለችኝ። እንዴት አልመሰክርም ልበላት? መሰከርኩ። ያን ቀን የእማዬን ፊት ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ።

እቤት ስንደርስ ግን ኪኒኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። «ጌታ ፈውሶሽ ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። በራሴ አፍ ድኛለሁ ብያለሁ። ኪኒኑን አቆምኩ፣ ሐኪሜን ሳልጠይቅ፣ በአንድ ቀን። ባለሙያዋ ጋ መሄዱንም ተውኩ፤ የዳነ ሰው ምን ያደርጋል? እማዬ ኪኒኖቹን ጣለችና ባዶ ካርቶኑን አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ሽፋን ውስጥ ከተተችው። «ጌታ ያደረገውን እንዳልረሳ» አለች።

ፍርሃቱ ሲመለስ ብቻውን አልመጣም። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር፣ ላብ፣ ማዞር። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረበት፦ በስሙ ዋሽቻለሁና ጌታ ትቶኛል የሚል። ኤስባን ስጠብቅ ከሐዲዱ ርቄ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አጣብቄ ነበር የምቆመው፤ ራሴን አላመንኩትም። ጠዋት ስነቃ ምነው ባልነጋ የምልበት ቀን መጣ። ሃያ ዓመቴ ነበር።

እንዲህ እያለሁ ጰንጠቆስጤ ደረሰ። ታስታውሳላችሁ፣ ከጄኔቫ ጉባኤ ጋር የኅብረት ጊዜ ነበረን፣ ከዚህ በባቡር ሄድን። እኔ ከመዘምራን ጋር ነበርኩ። ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋውን መንገድ በር ሥር ቆሜ ነው የሄድኩት። ወንበር አለ ስትሉኝ እግሬን ላፍታታ ነው አልኳችሁ። በርን የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ባቡሩ ውስጥ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመሩ። ልብ አላልኩትም። ጌታ ግን እዚያ ነበር መንገዴን የሚጠብቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ለመዝሙር ወጣን። ሁለተኛውን ስንኝ ሳንጨርስ ድምፄ ጠፋ። ወደቅኩ። አንዳንዶቻችሁ መንፈስ ቅዱስ ነው ብላችሁ ነበር፤ አልፈርድባችሁም። እማዬ ሮጣ መጣች። «እማዬ፣ ልሞት ነው» አልኳት። እጄ ተጣሞ ነበር፣ ከንፈሬ ደንዝዞ። አምቡላንስ ተጠራ።

የጄኔቫ ጉባኤ አባል የሆነችው እህት ሰናይት አብራን ገባች። እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ፈረንሳይኛዋ እንደ ውኃ ይፈስሳል። የእኔ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት የተማርኳት ነች፤ ዳቦ መግዛት አያቅታትም፣ ከዚያ ያለፈ ግን የለም። ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ አስተኙኝ። እማዬ በአንድ በኩል፣ ሐኪሙ በሌላ በኩል። መሃል ላይ ያለችው ወንበር ላይ እህት ሰናይት ተቀመጠች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያች ወንበር የእኔ አልነበረችም፣ ያኔ ደግሞ የእውነት ፈራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ልቧም ደሟም ደህና ነው አለ። እህት ሰናይት ተረጎመች። እማዬም፣ «አዎ፣ ደሟማ አንሶ ነበር፣ ጌታ ሞላላት» አለች። ያም ተተረጎመ። ሐኪሙ የትኛውን ኪኒን ትወስድ ነበር ብሎ ጠየቀ። እማዬ መጽሐፍ ቅዱሷን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ከሽፋኑ ውስጥ ያችን የታጠፈች ካርቶን ስባ ሰጠችው። ደስ እያላት ነበር የሰጠችው፤ ለእሱም ልትመሰክርለት።

ሐኪሙ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ለእህት ሰናይት ነገራት፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። በዓይኔ ለመንኳት። በኋላም በአማርኛ፣ «እህት ሰናይት፣ እባክሽ ለስለስ አድርጊው» አልኳት።

እሷ ጉንጬን ነካ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ ያለውን ነው የምናገረው» አለችኝ። ወደ እማዬ ዞረች። «ይህ የደም ኪኒን አይደለም ይላል። የጭንቀት መድኃኒት ነው። በድንገት መቆም አልነበረበትም ይላል።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ እህት ሰናይት መጀመሪያ፣ «እናትሽ ትውጣልሽ?» አለችኝ። እማዬን አየኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ፊት እያየሁ ነው የምትችለውን የወሰንኩላት። አሁን ግን ደከመኝ፣ ቅዱሳን። ትቆይ አልኩ።

«ሕይወትሽን ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል።»

በአማርኛ ተጠየቅኩ፣ በአማርኛ መለስኩ። «መሞት አልፈልግም። ግን ፈርቼ ፈርቼ፣ አንዳንድ ጠዋት ምነው ባልነጋ እላለሁ። ራሴን አላምነውም።» ስለ ሕፃኑም፣ ስለ ባቡሩም፣ ስለ ውሸቱም ሁሉንም ተናገርኩ። እህት ሰናይት እያለቀሰች ተረጎመች፤ አንዲትም ቃል አልቀነሰችም።

የእማዬ የመጀመሪያ ቃል ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ያን ሁሉ ጉበት ዝም ብለሽ ነው የበላሽው?» አለችኝ። «ጉበት እኮ አትወጂም።» ሳቅኩ፣ ሳቄ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ፣ «እኔን ፈርተሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ ልጄንም በአስተርጓሚ ነው እንዴ የማውቃት?» አለች። የዚህ ነገር ሕመም እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ጫማዬን አወለቀችልኝ፣ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ እያሸች ጸለየች። ደሟን አላለችም። «ጌታ ሆይ፣ ልጄ ፈርታለች» አለች። ይኸው ብቻ ነበር ጸሎቷ።

እኔም ከሥሯ ተቀብዬ፣ ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ አልኩ። ቅዱሳን፣ ጌታን ያገኘሁት ያን ቀን ነው እላለሁ። መብራት አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ልቤም ወዲያው አልተረጋጋልኝም። ግን የዋሸሁትን ሁሉ እያወቀ አጠገቤ እንዳለ አወቅኩ። ቋንቋዬን ከአፌ የወሰደብኝ እሱ ነው፤ ዙሪክ ቢሆን እኔው አስተርጉሜ እዋሽ ነበር። ክብር ለእሱ ይሁን።

ስንመለስ ሐኪሜ ጋ ሄድን፤ እውነተኛ አስተርጓሚ ተጠርቶልን። መድኃኒቱን በእሷ ትእዛዝ፣ በትንሽ በትንሹ እንደገና ጀመርኩ። እማዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሟን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ልጄ ትድናለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟም፣ «አብረሽን ከሠራሽ ጥሩ ተስፋ አለን። ጊዜ ይወስዳል» አለቻት። እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ታማሚ ብቻ መሆን ለካ እንዴት ያሳርፋል። አሁን በየሳምንቱ ባለሙያዋ ጋ እሄዳለሁ። እንቅልፍ እንዳይነሳኝ ስልኬ መኝታ ቤት አይገባም። እማዬ ከሥራ ስትገባ ሊማት ወንዝ ዳር አብረን እንሄዳለን፤ ወገቧን ያማታል፣ ግን ትሄዳለች። የምንሄደው እየተነጋገርን ነው። ጉበትም ቀርቷል፣ ጌታ ይመስገን።

ፓስተራችን ጋ ስሄድም ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ የራሳቸውን ኪኒን አውጥተው አሳዩኝ። «እኔ በየጠዋቱ የደም ግፊቴን ኪኒን እውጣለሁ፣ እጸልያለሁም። ጌታ ተቀይሞኝ አያውቅም። ሐኪምሽ ሳትልሽ እንዳታቋርጪ» አሉኝ። ስትዘጋጂ መስክሪ፣ ቸኩለሽ ግን አይደለም አሉኝ። መዘጋጀቱ እስከ ዛሬ ወሰደብኝ።

እና ይህኛው ምስክርነት እንደ አምናው አይደለም። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልላችሁም። ዛሬም ወደዚህ ስመጣ ትራም ውስጥ ልቤ ሲመታ ነበር። አሁንም እየመታ ነው። ግን ተቀምጬ መጣሁ፤ በር ሥር አልቆምኩም። ወደ ኪታውም ተመልሻለሁ። ያ ሕፃን አሁን ይሄዳል፣ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ይመጣል፣ አነሳዋለሁ።

እዚህ መካከል ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች አላችሁ፤ ከኋላ አያችኋለሁ። ፍርሃት ቢይዛችሁ፣ መኖር ቢከብዳችሁ፣ ስለ ራሳችሁ አታስተርጉሙ። ሌላ ሰው ይጠራላችሁ። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለሰው ተናገሩ፣ ዛሬውኑ። ከጉባኤ በኋላ እኔ ጋ ብትመጡ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ። ጌታን ደግሞ እመኑት፤ የለሰለሰ ነገር አይፈልግም፣ እንዳለ ንገሩት፣ አይደነግጥም። ወላጆችም፣ አንድ ቀን ልጃችሁን «አንቺስ?» በሏት። «ደህና ነኝ» ካለቻችሁ ቶሎ አትመኗት።

እማዬ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይሻለሁ። ፊትሽን አይቼ የቀነስኩት ነገር የለም። ዛሬ ማንንም «ምን አለች?» ብለሽ አትጠይቂም፤ ሁሉንም እኔ ነኝ ያልኩት፣ አንቺም ሰምተሻል። ጌታ ይባረክ።